ድምፁ የኔ፣ ቃሉ የሰው

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ካፊኖኖ፣ የካፋን ቋንቋ፣ ላጠናበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አዳዲስ ቃላት» ብዬ፣ ከሥሩ በቀይ አስምሬ፣ ጥቂት ቃል ጽፌ ተውኩት። ሰነፍ! እንግዲህ ወረቀት መጣል ነውር ነው፣ የሆዴን ልጻፍበት።

ዛሬ አቶ ጣሰው ቢሮው አስጠራኝ። የሬዲዮ ጣቢያችን ኃላፊ ነው። ሲቆጣም ሲያመሰግንም ፊቱ አንድ ስለሆነ እስኪናገር ድረስ ነፍሴ አልነበረችም። «አብርሆት፣ ገጠሩ በሙሉ ድምፅሽን ወዶታል» አለኝ። ጳጉሜን ላይ ኮንትራቴን ወደ ቋሚ ሊያዞሩልኝ ነው። «በካፊኖኖ ትንሽ ኢንተርቪው አለች። ፎርማሊቲ ናት። ላንቺ ምን አላት?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ላልቅስ?

ጠዋትና ማታ በካፊኖኖ ዜና አነባለሁ፤ ከማነበው ውስጥ አብዛኛው አይገባኝም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሰኔ 10

ትናንት የጻፍኩትን ሳየው እብደት መሰለኝ። ግን ነገሩ ቀላል ነው። ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ ድምፁ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ሲጠብቅም ይደገማል። ወረቀቱ ራሱ «እዚህ ጋ ሳቢ፣ እዚህ ጋ ርገጪ» ይልሻል። ዜናውን እየተረጎመ የሚጽፍልኝ ልዑልቃል ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለውን ዜማ አንዴ ካሰማኝ ይበቃኛል፣ ጆሮዬን እግዜር ነው የሰጠኝ። የድሮዋ አንባቢ ለወሊድ ስትወጣ ፈተና ሲያወጡ፣ ወረቀት ሰጥተው «አንብቢ» ነው ያሉኝ። አነበብኩ። ምን ማለት ነው ያለኝ ሰው የለም።

አማርኛ እንዲህ አያስቀልድም። «አለ» የሚለውን ሳይገባሽ አንብቢው እስቲ! ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ፊደሉ ያው ነው፣ መጥበቅ መላላቱን የሚያውቀው ነገሩ የገባው ሰው ብቻ ነው። እንግሊዝኛማ ፊደሉን ደርድሮ ሲያበቃ «ይቺን እንዳትጠሯት» የሚል ጉደኛ ነው። በነዚህ ብሳሳት ወዲያው ይታወቅብኛል። በካፊኖኖ ግን አልሳሳትም። አለመሳሳቴ ነው የሚያስፈራኝ።

አከራዬ እትዬ ሰብሌ ካፋ ናቸው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ጅማ አድጋ ነው እንጂ ትሰማለች እኮ፣ መናገር ነው የምታፍረው» ይላሉ። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፋ አድርጌ ፈገግ እላለሁ። የምችለው የገበያውን ነው፦ ደህና ነሽ፣ ስንት ነው፣ ቀንሺልኝ።

ሰኔ 15

ከቤተክርስቲያን ስመለስ ሳሙና ልገዛ ጋሽ ከሚል ሱቅ ገባሁ። ሬዲዮናቸው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሁሌም ክፍት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ስታነቢ ጠዋት የሚቀራ ሕፃን ነው የምትመስዪኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ። እሳቸው ቀጠሉ፤ ወሎ ልጅ ሳሉ ቁርኣን ሲቀሩ ሸኻቸው መጀመሪያ የሚያቀኑላቸው ድምፁን ነው፣ ትርጉሙ ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣ። «ድምፁ ከሰመረ ትርጉሙ ይደርሳል» አሉኝ። አውቀውብኝ ይሁን ሲያጫውቱኝ አልለየሁትም።

አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳዊቱን በግዕዝ ይደግም ነበር እንጂ ግዕዝ አይሰማም ነበር። ግን አባቴ የሚያነበው ለፈጣሪ ነው። ፈጣሪ የተባለውን ያውቀዋል። እኔ የማነብላቸውም ያውቁታል። ከመሃል የማላውቀው እኔ ብቻ።

ነገ ቃላት ማጥናት እጀምራለሁ። ማርያምን።

ሰኔ 21

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ። ቆርቆሮው ጆሮዬን በላው።

አዲስ ማስታወቂያ መጣ። ልዑልቃል በአማርኛ ምንነቱን ነገረኝ፦ ከማንኪራ ጫካ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ባለሙያ አይቶታል። ከተዳፋቱ ሥር ያሉት ሁሉ ክረምቱ እስኪወጣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይስፈሩ ነው የሚለው። በቀን ሦስቴ ይነበባል። ልዑልቃል ድምፅሽ ይክበድ፣ ዜና አይደለም አለኝ። አከበድኩት። ስጨርስ ዮሀና፣ የድምፅ ባለሙያዋ፣ ክንዷን አሳየችኝ፤ ፀጉሩ ቆሟል።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ሰኔ 28

ዛሬ ገበያ ላይ ጎመን ስመርጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸው ርሷል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ። ጎመን የምትሸጠው ሴት በእጇ እያመለከተችኝ አንድ ነገር ስትላቸው «ሬዲዮ» የሚለውን ሰማሁ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ሁለት እጄን ያዙ። ስማቸው አምባው መሆኑን ደረታቸውን እየነኩ ነገሩኝ።

ከዚያ ጠየቁኝ። ጥያቄ መሆኑን ከዜማው አወቅሁ። ረጅም ነበር፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ቆመ። በእጃቸው ወደ ማንኪራ በኩል ጠቆሙ። ሴቲቱም፣ ከጎኗ ያሉትም አፍ አፌን ያያሉ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ አልኩ። በካፊኖኖ ነው ያልኩት፣ አጥርቼ።

ሽማግሌው እጄን ሳሙኝ። ገና ነጠላዬን ሳልሰበስብ ሄዱ።

ሰላምታ ይሆናል። «በርቺ፣ እንሰማሻለን፣ አይደል?» ይሆናል። ገበሬ ሰው ሰላምታው ረጅም ነው።

ሐምሌ 3

የሽማግሌው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ስተኛም ስነሳም። ቃል በቃል፣ ትንፋሽ የወሰዱበትን ሳይቀር እስከ መጨረሻው ልደግምልሽ እችላለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አላውቅም። በቀቀን!

ልዑልቃልን ልጠይቀው አስቤ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ «እስክሪብቶ አለህ?» አልኩት።

ሐምሌ 5

ሥራ በዛ። አቦ ነው፣ አልተሳለምኩም። ማስታወቂያው አሁንም ሦስቴ። በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ወረቀቱን የማየው ለወጉ ነው። መብራት ይሄዳል ይመጣል።

ሐምሌ 12

ከማንኪራ የመጣች ሴትዮ በር አንኳኩታ ማር ሰጠችኝ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነጭ የጫካ ማር። «አምባው» አለች፣ ከዚያም እየሳቀች አንድ ሁለት ነገር አለችኝ። «እሺ» አልኳት በአማርኛ። ደግሞም ነቀነቅኩ። ይቺ ራሴ ተቆርጣ በወደቀች!

ሰው በሰላምታ ማር ይልካል? በከንቱ ምላሽ ማን ማር ይቆርጣል?

መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። አልቀመስኩትም።

ሐምሌ 16

አርትዖት ክፍል ሻይ እየጠጣን ልዑልቃል ተበሳጭቶ መጣ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፍረው ከነበሩት ከፊሎቹ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው አለ። የቀበሌው ሰው ደውሎለት ነው። «አንድ ሰው ችግር የለውም፣ መቆየት ይቻላል ብሏቸዋል አሉ። ማን እንደሆነ እንጃ። ይሄ ሥራ ፈት ሁሉ ወሬ ይፈጥራል።»

ዮሀና «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አለች።

ሻዬ ቀዝቅዞ ስለነበር ደፋሁት። ከሰዓት ጫማዬ ተቀደደ፣ አሰፋሁት። ሰፊው ጎበዝ ነው፣ ክሩን ሰም ይቀባዋል። ሌላ ምንም የለም።

ሐምሌ 19

ገብርኤልን ተሳልሜ መጣሁ። ብዙ ሰው ነበር። አንዲት ሴትዮ በነጠላዬ ጫፍ ያዘችኝና «ድምፅሽን ስሰማ እናቴ የጠራችኝ ይመስለኛል» አለችኝ፣ አለቀሰች። እንዲህ የምትል ሴት ፊት ቆመሽ «እኔ እኮ አይገባኝም» ትያለሽ? አፍ ያለው ሰው እስቲ ይበለው።

ደግሞስ ከተመለሱት ሰዎች ጋር እኔን ምን አገናኘኝ? አገሩ ሙሉ ሰው አለ፣ ወሬኛ ሞልቷል። የሰላምታ የራስ መነቅነቅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይል ነበር አባቴ። ዛሬ ምነው ትዝ አለኝ።

ሐምሌ 27

ልዑልቃል ደካ ከተማ ሄደ፣ ስልጠና አለው። እስኪመለስ ድረስ ድሮ የጻፋቸውን ነው የማነበው። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «አብርሆት፣ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?» አለኝ።

«ስለ ምን?»

«እንጃ። ሰሞኑን ልትጠይቂኝ ትመጪና እስክሪብቶ ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

የለም አልኩት። ትንሽ አየኝና ሄደ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር አልወደድኩትም። የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው።

ነሐሴ 4

ጾም ነው። ሆዴ ባዶ፣ ራሴ ሙሉ። ኢንተርቪው ጳጉሜን 2 ሆነ። ዝናቡ አንድ ቀን እንኳ አላባራም። እትዬ ሰብሌ ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ግድግዳ ዘመም ብሏል። «መሬቱ ጠግቧል፣ ከእንግዲህ የሚውጥበት የለውም» ይላሉ። ዛሬ ማስታወቂያውን ሳነብ ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ተሰማኝ።

ነሐሴ 8



ከሰዓት እትዬ ሰብሌ ክፍሌ ገቡ። መደርደሪያው ላይ ማሩን ጉንዳን ወሮታል። «ውይ! ይሄን የመሰለ የማንኪራ ማር ለጉንዳን? ማነው የሰጠሽ?» አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነው አልኩ። «ለምን ሰጡሽ?»

ደከመኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያም ሽማግሌው ያሉኝን እንዳለ አልኩላቸው፣ በራሳቸው በሽማግሌው ድምፅ።

እትዬ ሰብሌ መጀመሪያ እያጨበጨቡ ሳቁ። «አይ ልጄ! የዚያ አገር ሰው አፍ ቁርጥ!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። እሳቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«‹ልጄ፣ ቤቴ ከተሰነጠቀው ሥር ነው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗ ተቃርቧል፤ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንዴት ትውለድ? እሷ እስክትወልድና እስክትጠና ከቤታችን ብንቆይ ችግር የለውም፣ አይደል?› ነው እኮ ያሉሽ» አሉኝ። «ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

ማሩ ላይ ያለውን ጉንዳን በእጄ ጠረግሁ።

«አብርሆት፣ ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

ይማቱኛል ብዬ ነበር። እትዬ ሰብሌ ግን መስቀላቸውን ያዙና «አትሰሚም ማለት ነው» አሉ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አትሰሚም።» ከዚያ ጮክ ብለው «ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ! ተነሺ!» አሉኝ።

ጣቢያ ሮጥኩ። በሬዲዮ ልነግራቸው ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ጄኔሬተሩም ተበላሽቷል። የቀበሌውን ሰው ስልክ ሞከርኩ፣ አይነሳም። ጋሽ ከሚልን ለመንኳቸው። ፒክአፕ አላቸው፤ ግን በዚህ ጭቃ ከመሸ አይሞከርም፣ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን አሉ። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገሰጹኝ እንዳልል አልገሰጹኝም። «ድምፁ ቀድሞ ሄደ፣ ትርጉሙ ሳይደርስ» አሉ፣ ለራሳቸው።

እትዬ ሰብሌ እግራቸው አያስኬዳቸውም። የምለውን አስጠኑኝ። ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱን ቃል ምን ማለት ነው እያልኩ ነው የያዝኩት።

ነሐሴ 11

ከትናንት ወዲያ የሆነውን ልጻፍ። ካልጻፍኩት ያሳብደኛል።

ፒክአፑ ማንኪራ ሳይደርስ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ። ጋሽ ከሚል ከመኪናው ጋር ቀሩ፤ እኔ አንድ ወደዚያ የሚሄድ ጎልማሳ ተከትዬ በእግር ሄድኩ። ጫካው ውስጥ ዝናቡ አይመታሽም፣ ይንጠባጠብብሻል። ወንዙን በግንድ ተሻገርን። ውሃው እንደ ቡና አተላ ደፍርሷል። ጎልማሳው ቆሞ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። ከመንደሩ በላይ ያሉት ዛፎች አንዳንዶቹ ወደ ቁልቁል አዘንብለዋል።

የተመለሱት ሰዎች ቤቶች ጢስ ያወጣሉ። ሰው አለ ማለት ነው። ሁሉም በሰላም ቁርሱን እየበላ ነው።

ጋሽ አምባው ደጃቸው ላይ እንጨት ይፈልጣሉ። እትዬ ሰብሌ ያስጠኑኝን ተናገርኩ። ተነሱ፣ አሁኑኑ ውጡ፣ ተሳስቻለሁ። መንተባተብ ነው እንጂ መናገር አይባልም። ሽማግሌው አላወቁኝም። ፈገግ ብለው እንደ እንግዳ ያዩኛል። በዚያ አፍ የምታወራ የሬዲዮዋ ልጅ ልትሆን አትችልማ! ምን አባቴ ላድርግ? የጣቢያውን መክፈቻ ሰላምታ አልኩላቸው፣ በሬዲዮ ድምፄ። ወዲያው ፊታቸው በራ። ጮኸው ቤተሰቡን ጠሩ። ከጎረቤትም ሰው መጣ። ሕፃኑን አሳዩኝ፤ ከተወለደ ገና ሳምንት አልሞላውም፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ያኔ በዚያው በሬዲዮ ድምፅ ማስታወቂያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩት። የመጣው ሰው ሁሉ ሰማ። መጨረሻ ላይ በራሴ ስብርባሪ አፍ ጨመርኩበት፦ «የጠየቁኝ አልገባኝም ነበር። ሳይገባኝ ነው አዎ ያልኩት።»

ጋሽ አምባው ቀና ብለው ተዳፋቱን አዩ። ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ።

«አማርኛ እኮ እችላለሁ፣ ልጄ። ወታደር ነበርኩ፣ ሐረር። ሬዲዮ በኛ አፍ ሲናገር ደስ ብሎኝ ነው፣ በኛ አፍ የጠየቅኩሽ። አማርኛ ብትይኝ፣ በአማርኛ እጠይቅሽ ነበር።»

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ይቅር በለኝ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

አልተቆጡኝም። «እኔ ነኝ ለሰዎቹ የነገርኳቸው። ሬዲዮዋ ራሷ አዎ ብላኛለች ብዬ» አሉ፣ ዞረው መንደሩን እያዩ። ከዚያ መጣደፍ ሆነ። ምራታቸውን በቃሬዛ፣ ሕፃኑን እኔ በደረቴ። ጋሽ አምባው ከቤት ቤት እየዞሩ ሰውን እየነዱ አወጡ። አንድ በአንድ በሩን እየደበደቡ ስሙን እየጠሩ። እምቢ ያለ ሰው የለም። «እኔ ነኝ ያስቀረኋችሁ፣ እኔ ላውጣችሁ» ይሉ ነበር አሉ፣ በኋላ ነው የተነገረኝ።

አቀበቱን አጋምሰን ትምህርት ቤቱ ሲታየን፣ ከኋላ አሮጊት ጎረቤታቸው አለመውጣቷ ታወቀ። ጆሮዋ አይሰማም። ጋሽ አምባው ተመለሱ። ልጃቸው እኔ ልሂድ ሲል በዱላቸው ገፉት።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ከባድ መኪና ሩቅ ሲያልፍ የሚሰማው ያህል ነው። ዞር ስል መንደሩ የነበረበት ቦታ ቀይ አፈር ሆኗል።

ሕፃኑ አልነቃም።

ነሐሴ 13

ልዑልቃል ከደካ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ገባ። አገኘኝና «የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት» አለኝ። «በካፊኖኖ ስቀልድልሽ አልሳቅሽም። ዝም ያልኩት ድምፅሽ ስለሚያምር ነው። ቋንቋችን በሬዲዮ እንዲህ ሆኖ ተሰምቶ አያውቅም።» አለቀሰ። ላጽናናው አልቻልኩም፣ ላጽናናውም አልፈለግሁም።

ዜናውን ራሱ ጻፈው። አቶ ጣሰው ሌላ ሰው ያንብበው አለ፤ እኔ አነበዋለሁ አልኩ። «በጣም ጥሩ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፅ ነው» አለ። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ልዑልቃልን አጠገቤ አስቀምጬ ቃል በቃል አስፈታሁት። ይሄ ምንድን ነው፣ ይቺስ? እንዲህ እያልኩ ጨረስነው። ከወረቀቱ ውስጥ የማላውቀው ቃል አልቀረም።

መሃል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ልዑልቃል ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ሞከረ። «ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለኝ። እንዲህ ነው የሚለው፦ «አቶ አምባው በተደጋጋሚ የተላለፈውን ማስጠንቀቂያ ባለመስማታቸው ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ሕይወታቸው አልፏል።»

ቀዩ መብራት በራ። ጀመርኩ። ረጅሙን አሳጠርኩ፣ የሚረገጠውን ሳልረግጥ አለፍኩ፣ ሁለቴ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ። ፊደሉ ያው ነው፣ ያው የማይስት ፊደል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ሰው እየሆነብኝ አላልፍ አለኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ወረቀቱን ገለበጥኩት። በራሴ አፍ፣ በዚያ በገበያ ካፊኖኖ፣ አልኩት፦

«አምባው ሰምተዋል። ጠይቀዋል። እኔን ነው የጠየቁኝ። እኔ አልገባኝም፣ አዎ አልኩ። ሰዉን ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

ዮሀና ከመስታወቱ ወዲያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ማይኩን ግን አልዘጋችውም።

አቶ ጣሰው እስካሁን አላናገረኝም። እቃዬን ሰብስቤያለሁ፣ ያው አንድ ጃንጥላና ይሄ ደብተር ነው።

ስወጣ የእንግዳ መቀበያው ስልክ ይጮኽ ነበር። ዘበኛው አንስቶ ብዙ አዳመጠ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ። ከሺሺንዳ አንዲት ሴትዮ ናት አለኝ። «ዛሬ ያነበበችው ማናት? ያቺ ካፊኖኖ የምትችለው ልጅ የት ሄደች?» ትላለች።